በላትቪያኛ ራስን ማስተዋወቅ፦ ለመንገደኛ የሚበቃውን ያህል

የላትቪያን ዋና ከተማ ሪጋን ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ብቻ ለሚጎበኝ ሰው ላትቪያኛ መማር ግዴታ አይደለም። በአሮጌው ከተማ በሚገኙ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ሙዚየሞች እንግሊዝኛ በቂ ነው፤ ወጣቶቹም በደንብ ይናገሩታል። የእኔ ጉዞ ግን ሆቴል ለማደር አልነበረም። የምኖረው ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ውስጥ ሲሆን በነርስነት እሠራለሁ። አብራኝ የምትሠራ ላትቪያዊት ባልደረባዬ «ያኣኚ» በሚባለው የሰኔ በዓላቸው ወደ ወላጆቿ ቤት ጋበዘችኝ። ቤቱ ከሪጋ በስተሰሜን ምሥራቅ በባቡር በሚደረስባት በትሴሲስ ከተማ አጠገብ ነው። እዚያ የምተዋወቃቸው ሰዎች ወላጆቿ፣ አክስቶቿና አዛውንት ጎረቤቶቿ ስለነበሩ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ እንግሊዝኛ እንደማይናገሩ አስቀድማ ነግራኛለች። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ራሴን የማስተዋውቅባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ለመማር ወሰንኩ። በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ ፈልጌ ስላላገኘሁ፣ የተማርኩትን ለሌላ አማርኛ ተናጋሪ በሚጠቅም መልኩ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። ላትቪያኛ ከሩሲያኛም ከጀርመንኛም ወገን አይደለም፤ ከሊትዌንያኛ ጋር የባልቲክ ቋንቋዎች የሚባሉት ናቸው፤ ከእነዚህ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን 33 ፊደሎች አሉት። ከአናባቢ በላይ አግድም መስመር ከተሰመረ አናባቢው ረጅም ነው ማለት ነው። እኔ በፊደላችን ስጽፍ ይህን ርዝመት ለማሳየት አናባቢውን ደግሜዋለሁ፤ ለምሳሌ «ሪኢጋ» ብዬ ስጽፍ «ሪ» የሚለው ድምፅ ይሳባል ማለት ነው፣ «ካኣ» ስጽፍም «ካ» ይሳባል። «ትስ» ብዬ የጻፍኩት በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ድምፅ ሲሆን፣ እንደ እኛ «ጽ» ጉሮሮ ላይ ተይዞ የሚፈነዳ አይደለም። ከ«ን» ፊደል ሥር ትንሽ ምልክት ካለች ድምፁ የእኛው «ኝ» ነው። ጀርመኖቹ ባልደረቦቼ የሚቸገሩበትን ይህን ድምፅ እኛ ያለ ልምምድ ስለምናወጣው በዚህ በኩል ቀድመናቸዋል።

ሰላምታው በሰዓቱ ይለያያል። ጠዋት «ላብሪኢት»፣ ቀን «ላብዲየን»፣ ማታ «ላብቫካር» ይባላል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መያዝ የሚፈልግ ሰው «ላብዲየን»ን ይያዝ፤ ሱቅ ሲገቡ፣ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ፣ የማያውቁትን ሰው መንገድ ሲጠይቁ ያገለግላል፤ አክብሮትም አለው። በላትቪያኛ የቃሉ የመጀመሪያ ክፍለ ድምፅ ጎላ ተደርጎ ይነገራል፤ ይህ ደንብ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ቃላት ይገዛል። ነገር ግን እነዚህ ሦስት ሰላምታዎችና «አመሰግናለሁ» የሚለው «ፓልዲየስ» ከደንቡ ወጥተው በሁለተኛው ክፍለ ድምፅ ይጎላሉ፦ ላብ-ዲ-የን ሳይሆን ላብ-ዲየን፣ «ዲየን» ከበድ ብሎ። እንግዳ ሰው አስቀድሞ የሚማራቸው ቃላት ከደንቡ ያፈነገጡት መሆናቸው ትንሽ ያስቃል፤ ደንቡን ከመማርዎ በፊት እነዚህን አራቱን በጆሮ ቢይዟቸው ይሻላል።

ቀለል ያለው ሰላምታ «ስቬይኪ» ነው። ለብዙ ሰዎች፣ ወይም በአክብሮት ለምናነጋግረው አንድ ሰው እንዲህ እንላለን። የምንቀርበው አንድ ወንድ ከሆነ «ስቬይክስ»፣ አንዲት ሴት ከሆነች «ስቬይካ» ይሆናል። ወጣቶች ደግሞ «ቻው» ይባባላሉ፤ እኛ አገር ቻው የሚባለው ሲለያዩ ብቻ ሲሆን፣ እነርሱ ግን ሲገናኙም ሲለያዩም ይሉታል። አንዲት ወጣት ገና ከበሩ ስትገባ «ቻው!» ብትልዎ ልትሄድ አይደለምና አይደነቁ።

ስምን ለመናገር «ማኒ ሳውትስ» ይባልና ስሙ ይከተላል። ቃል በቃል «እኔን ይጠሩኛል» እንደ ማለት ሲሆን፣ አሠራሩ ከእኛው «እባላለሁ» ስለማይርቅ ለማስታወስ አልከበደኝም። ጥያቄው ሁለት መልክ አለው። ለታላቅ ሰው፣ ለማናውቀው ሰው ወይም በሥራ ቦታ «ካኣ ዩኡስ ሳውትስ?» ይባላል፤ ለልጅ፣ ለእኩያና ለወዳጅ «ካኣ ቴቪ ሳውትስ?» ይባላል። «ዩኡስ» የእኛ «እርስዎ» ነው፣ «እናንተ»ም ነው፤ «ቱ» (በጥያቄው ውስጥ «ቴቪ» የሆነው) ደግሞ «አንተ»ንም «አንቺ»ንም ያጠቃልላል። እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ሰው መቼ የትኛውን እንደሚል ሲያመነታ አይቻለሁ፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ይህን ሚዛን ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ለእናቴ እኩያ «አንቺ» እላለሁን ብሎ ራሱን መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል። እኔ ለባልደረባዬ ወላጆች በ«ዩኡስ» ጀመርኩ፤ እናትየዋ ራሳቸው በ«ቱ» እንድጠራቸው ሲጋብዙኝ ተሻገርኩ። ይህ ግብዣ ከታላቁ ወገን እስኪመጣ መጠበቅ ተገቢ ነው።

ስም ከተለዋወጡ በኋላ «ፕሪየክስ ኢየፓዚኢቲየስ» ይባላል፤ በመተዋወቃችን ደስ ብሎኛል ማለት ነው። ረዘም ስለሚል መጀመሪያ ላይ ምላስ ያስራል። እኔ ከኋላ ወደ ፊት እየቆረስኩ ተለማመድኩት፦ «ቲየስ»፣ «ዚኢቲየስ»፣ «ፓዚኢቲየስ»፣ በመጨረሻም «ኢየፓዚኢቲየስ»። ሌላው ሰው ቀድሞ ከተናገረው ግን ራሱን መድገም አያስፈልግም፤ «ማን አሪኢ» (እኔም) ማለት ይበቃል።

ስለ ስማችን ከዚህ በላይ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያዊ ስም ላትቪያ ውስጥ ጥያቄ የሚያስነሳባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የስሞች መጨረሻ ነው። ላትቪያኛ የወንድ ስም አብዛኛውን ጊዜ በ«ስ» ድምፅ እንዲያልቅ ይፈልጋል፤ የሴት ስም ደግሞ በ«አ» ወይም በ«ኤ»። የውጭ አገር ሰዎችን ስም እንኳ በዚሁ መልክ ያስተካክሉታል፤ በጋዜጦቻቸው ዶናልድ ትራምፕ «ዶናልድስ ትራምፕስ»፣ ሼክስፒር «ሼክስፒኢርስ» ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ዳዊት የሚባል ሰው በንግግር መካከል ስሙ ላይ «ስ» ተጨምሮ ቢሰማ ሰውየው ስሙን አላጠፋውም፤ በቋንቋው ሰዋስው ውስጥ አስገባው እንጂ። በአንጻሩ አበበ፣ ከበደ ወይም ተፈራ የሚባል ወንድ ስሙ በአናባቢ ስለሚያልቅ፣ ስሙን በጽሑፍ ብቻ ያየ ሰው ሴት ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ቦታ የአባት ስም ነው። ሆቴልም ሆነ ሌላ ቦታ የሚሞላ ቅጽ ላይ «ቫኣርትስ» (ስም) እና «ኡዝቫኣርትስ» (የቤተሰብ ስም) የሚሉ ሁለት ቦታዎች ይኖራሉ። በላትቪያ የቤተሰብ ስም በፆታ ይለዋወጣል፤ ባል ቤኤርዚኝሽ ከሆነ ሚስትና ሴት ልጅ ቤኤርዚኛ ናቸው። የእኛ ሁለተኛ ስም የቤተሰብ ሳይሆን የአባት ስም መሆኑን፣ ባልና ሚስትም አንድ ዓይነት ስም እንደማይኖራቸው ለአስተናጋጆቼ ማስረዳት ነበረብኝ። ለዚህ የጠቀመኝ አጭር ዓረፍተ ነገር «ታስ ኢር ማና ቴኤቫ ቫኣርትስ» የሚለው ነው፤ «ይህ የአባቴ ስም ነው» ማለት ነው። በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ የማይገኝ ቢሆንም፣ ለኢትዮጵያዊ ከ«እንዴት ነህ» ይልቅ ይህ ይቀድማል እላለሁ። በነገራችን ላይ በአክብሮት ሲጠሩ የቤተሰብን ስም አስቀድመው «ኩንግስ» (አቶ) ወይም «ኩንድዜ» (ወይዘሮ) የሚለውን ያስከትላሉ፤ የእኛ «አቶ» ከስም በፊት፣ የእነርሱ ከስም በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከየት እንደመጡ የሚጠየቁበት ጥያቄ «ኑኦ ኩሪየኔስ ዩኡስ ኤሳት?» የሚል ነው። መልሱ «ኤስ ኤስሙ ኑኦ ኤቲዮፒያስ» ይሆናል። «ኤስ» እኔ፣ «ኤስሙ» ነኝ፣ «ኑኦ» ከ ማለት ነው። በአማርኛ «ነኝ» የሚለው ቃል «እኔ»ን በውስጡ እንደያዘ ሁሉ «ኤስሙ»ም ይዟልና «ኤስ»ን መተው ይቻላል፤ «ኤስሙ ኑኦ ኤቲዮፒያስ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በንግግርም በብዛት የሚሰማው እንዲህ ሆኖ ነው። የአገሩ ስም «ኤቲዮፒያ» ሆኖ ሳለ መጨረሻው ላይ «ስ» የተጨመረው «ኑኦ» ስላለ ነው። ይህ ደንብ በ«አ» የሚያልቁ የሴቴ ስሞችን ሁሉ ይይዛል፤ ከአዲስ አበባ ለማለት «ኑኦ አዲሳቤባስ»፣ ከአሜሪካ ለማለት «ኑኦ አሜሪካስ» ነው። ዜግነትን በአንድ ቃል መናገር የሚፈልግ ወንድ «ኤስሙ ኤቲዮፒየቲስ»፣ ሴት «ኤስሙ ኤቲዮፒየቴ» ትላለች።

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ግን በዚህ ብቻ አንገላገልም። ከኢትዮጵያ ነኝ ካሉ በኋላ «ታዲያ ከዚያ ድረስ መጣሽ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ስለሚከተል፣ የምንኖርበትን አገርም ማከል ይኖርብናል። «ኤስሙ ኑኦ ኤቲዮፒያስ፣ ቤት ድዚኢቩኦዩ ቫኣትሲያኣ» ማለት «ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ግን የምኖረው ጀርመን ነው» ማለት ነው። «ቤት» በእነርሱ «ግን» ማለት ስለሆነ አንድ ጊዜ የሰማው አማርኛ ተናጋሪ አይረሳውም። ልብ መባል ያለበት የመጨረሻው ቃል ነው። ጀርመን በስሟ ብቻ ስትጠራ «ቫኣትሲያ» ናት፤ «ጀርመን ውስጥ» ለማለት የመጨረሻው «ያ» ይሳብና «ቫኣትሲያኣ» ይሆናል። ሪጋ «ሪኢጋ» ናት፤ ሪጋ ውስጥ «ሪኢጋኣ» ነው። እንዲሁም «አሜሪካኣ»፣ «ኢታኣሊያኣ»፣ «ዝቪየድሪያኣ» (ስዊድን ውስጥ) ይባላል። እኛ «በ» ወይም «ውስጥ» በምንለው ቦታ እነርሱ የአናባቢውን ርዝመት ብቻ ይለውጣሉ።

ላትቪያኛ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አማርኛ ተነባቢን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ «ገና» ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው፣ ላልቶ ሲነገር «ጊዜው አልደረሰም» ነው። አናባቢን ግን ስናስረዝም ለማጋነን ወይም ለመጣራት ካልሆነ በቀር ትርጉም አንለውጥም። ስለዚህ ጆሯችን የርዝመቱን ልዩነት እንደ ዋና ነገር አድርጎ አይዘውም። በላትቪያኛ «ካዛስ» ፍየሎች፣ «ካኣዛስ» ደግሞ ሠርግ ነው። ባልደረባዬ ሁለቱን እየቀያየረች ስትናገር እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ፍየል ወይም ሠርግ እያልኩ እመልስላት ነበር፤ ጆሮዬ ልዩነቱን መያዝ ከጀመረ በኋላ «ሪኢጋ» እና «ሪኢጋኣ»ም ተለዩልኝ። የምመክረው ዘዴ ይህ ነው፦ ረጅሙን አናባቢ ከሚያስፈልገው በላይ አስረዝሞ መለማመድ፤ በንግግር ፍጥነት ውስጥ ሲገባ በራሱ ልኩን ይይዛል። ሌላው መጠንቀቅ ያለብን ነገር የማይጠብቀውን ተነባቢ ማጥበቅ ነው፤ ረጅም አናባቢ ስንፈልግ ልምዳችን ወደ ተነባቢው ይሸሻልና።

ሥራን ለመናገር «ኤስሙ» ብሎ ሙያውን መጥራት ነው። እኔ «ኤስሙ ሜድማኣሳ፣ ስትራኣዳኣዩ ስሊምኒኢትሳኣ» እላለሁ፤ ነርስ ነኝ፣ ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ ማለት ነው። «ማኣሳ» እህት ማለት ነውና፣ እኛ አገር ነርሶችን «ሲስተር» ከምንለው ጋር ይገጥማል። ወንዱ ነርስ «ሜድብራኣሊስ» ሲሆን «ብራኣሊስ» ወንድም ነው። አስተማሪ «ስኩኦሉኦታኣይስ»፣ ሴቷ «ስኩኦሉኦታኣያ»፤ ተማሪ «ስቱዴንትስ»፣ ሴቷ «ስቱዴንቴ» ናቸው። የራስን ሙያ ብቻ መያዝ በቂ ስለሆነ ዝርዝሩን አላበዛውም።

ቤተሰብን በሚመለከት ደስ የሚል ነገር አለ። እንግሊዝኛ «እኔ ይዣለሁ» በሚል አሠራር የሚናገረውን ላትቪያኛ እንደ አማርኛ «ለእኔ አለ» በሚል አሠራር ይናገረዋል። «ማን ኢር ሜይታ» ማለት «ሴት ልጅ አለችኝ» ነው፤ «ማን ኢር ዴኤልስ» ደግሞ «ወንድ ልጅ አለኝ»። ጥያቄው «ቫይ ዩምስ ኢር ቤኤርኒ?» የሚል ነው፤ «ልጆች አሉዎት?» ማለት ሲሆን፣ አንድን ዓረፍተ ነገር «ቫይ» ብሎ መጀመር «አዎ ወይም አይደለም» የሚል መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ያደርገዋል። መልሱ «ያኣ» ወይም «ኔኤ» ነው። መውደድም እንዲሁ ነው፤ «ማን ፓቲኢክ ሪኢጋ» ሲሉ «ሪጋ ደስ ትለኛለች» እንደምንለው ነው እንጂ ወዳጁን ባለቤት አያደርጉትም። በዚህ ምክንያት ዓረፍተ ነገሮቹን ከእንግሊዝኛ ወይም ከጀርመንኛ ይልቅ ከአማርኛ ተነስቼ ስማራቸው በቶሎ ገቡኝ፤ ሌላውም እንዲህ ቢያደርግ ይጠቀማል።

ራስን ስለ ማስተዋወቅ የሚናገሩ መመሪያዎች በአብዛኛው መልሶቹን ብቻ ያስጠናሉ። በእኔ አስተያየት ግን ጥያቄዎቹን በጆሮ መለየት መልሶቹን ከማሳመር ይበልጣል። የራሳችንን ዓረፍተ ነገር በፈለግነው ፍጥነት እንናገራለን፤ የሌላው ሰው ጥያቄ ግን በእርሱ ፍጥነት ይመጣል። «ማኒ ሳውትስ» ብለው ጥሩ አድርገው የተናገሩ እንደሆነ ደግሞ አድማጩ ቋንቋውን ያውቃሉ ብሎ በሙሉ ፍጥነቱ ይቀጥላል። ስለዚህ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ምልክት መያዝ ይጠቅማል፦ «ሳውትስ» ከሰሙ ስም ነው፣ «ኩሪየኔስ» ከሰሙ አገር ነው፣ «ቤኤርኒ» ከሰሙ ልጆች ነው፣ «ስትራኣዳኣያት» ከሰሙ ሥራ ነው። ከዚህ ካለፈ «ኤስ ኔሳፕሩኦቱ» (አልገባኝም) እና «ሉኡድዙ፣ ሌኤናኣክ» (እባክዎ ቀስ ብለው) ይበሉ። «ኤስ ማዝሊየት ሩናኣዩ ላትቪስኪ» (ላትቪያኛ ጥቂት እናገራለሁ) ወይም «ኤስ ማኣትሱኦስ ላትቪየሹ ቫሉኦዱ» (ላትቪያኛ እየተማርኩ ነው) የሚሉትን ከስም ቀጥሎ መናገርም ሰውየው ንግግሩን እንዲያቀልልዎ ያደርጋል። «ሉኡድዙ» ብዙ ሥራ አለው፤ እባክዎ፣ ምንም አይደል፣ እነሆ፣ እንዲሁም የገበያ ሻጭ «ምን ልታዘዝ?» ለማለት ይጠቀምበታል። በሪጋ ማዕከላዊ ገበያ፣ በቀድሞ የዜፔሊን አየር መርከብ ማቆሚያዎች ጣሪያ ሥር፣ እ.ኤ.አ. በ1930 በተከፈተው በዚያ ግዙፍ ቦታ ጥቂት ሰዓት የቆመ ሰው ይህን ቃል በሁሉም ትርጉሞቹ ይሰማዋል። ከቤተሰብ በፊት ገበያ ሄዶ መለማመድ መልካም ነው፤ ሻጮቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው ንግግሩ አጭርና ተደጋጋሚ ነው።

ሩሲያኛን በተመለከተ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሩሲያኛ ያውቃሉ፤ አጎቴም ከእነርሱ አንዱ ሲሆን፣ ወደ ላትቪያ መሄዴን ሲሰማ ሩሲያኛ ይበቃሻል አለኝ። በእርግጥ ሪጋ ውስጥ ቤታቸው ሩሲያኛ የሚናገሩ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ ላትቪያውያንም አብዛኞቹ ይሰሙታል። ነገር ግን ላትቪያ በሶቪየት አገዛዝ ሥር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1991 ነጻነቷን ስታስመልስ ቋንቋዋን ማስጠበቅ ከዋና ጉዳዮቿ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሩሲያኛ ሁለተኛ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ተብሎ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጮቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ አይሆንም ብለዋል። እንግዳ ሰው በሩሲያኛ ሰላምታ ቢጀምር አንዱን ደስ ሊያሰኝ፣ ሌላውን ሊያስከፋ ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በ«ላብዲየን» መጀመር ግን ማንንም አያስከፋም። ከዚያ «ቫይ ዩኡስ ሩናኣያት አንግሊስኪ?» (እንግሊዝኛ ይናገራሉ?) ብሎ መጠየቅ፣ ሰውየው ራሱ ሩሲያኛን ካቀረበ ደግሞ መቀበል ይቻላል። አጎቴም ይህን ሳስረዳው ተስማማ፤ ሩሲያኛው ያለቦታው ሲቀርበት ትንሽ ቅር ቢለውም።

ስለ ጠባይም ልናገር። ላትቪያውያን በመጀመሪያው ግንኙነት ቁጥብ ናቸው። እኛ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ እያልን የምንደረድረውን ረጅም ሰላምታ ከእነርሱ መጠበቅ አይገባም፤ «ካኣ ዩምስ ኢየት?» (እንዴት ነዎት?) የሚለውም ለሚያውቁት ሰው እንጂ ለባዕድ በየመንገዱ የሚባል አይደለም። እጅ ጨብጦ፣ ዓይን እያዩ ስም መናገርና ዝም ማለት በቂ ነው። ዝምታው ቅዝቃዜ መስሎኝ አልተረበሽኩም፤ ባልደረባዬን ስለማውቃት። ቤት ሲጋበዙ ጫማ ማውለቅ የተለመደ ነው። አበባ ይዘው ከሄዱ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ ሦስት ወይም አምስት እንጂ አራት አይሁን፣ ሙሉ ቁጥር ያለው አበባ ለቀብር የሚወሰድ ነውና።

ለልምምድ የጠቀሙኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የላትቪያ ቋንቋ ኤጀንሲ የሚባለው የመንግሥት ተቋም በድረ ገጹ በነጻ የሚያቀርባቸው ትምህርቶች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የባልደረባዬ ድምፅ ነው። ዓረፍተ ነገሮቼን በስልኬ ቀድታልኝ ወደ ሥራ ስሄድ ባቡር ላይ እያዳመጥኩ እከተላት ነበር። የሚያስቀዳ ሰው ላገኘ ይህ ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም የተቀዳው የራሱን ስም፣ የራሱን ሙያና የሚኖርበትን ከተማ የያዘ ስለሚሆን አንድም ትርፍ ቃል አይለማመድም። በፊደላችን ጽፎ መያዝ ለማስታወሻ ይረዳል እንጂ ድምፁን አይተካም፤ እኔም እዚህ የጻፍኩትን አንባቢ በጆሮው ካላረጋገጠ በቀር እንዳያምነው እለምናለሁ።

የ«ያኣኚ» በዓል ዋዜማው በሰኔ 23፣ ዕለቱ በሰኔ 24 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይውላል። ሌሊቱን እሳት አንድደው ይዘምራሉ፤ ሴቶች የአበባ፣ ወንዶች የኦክ ቅጠል አክሊል ይደፋሉ፤ ከሙን መሰል ቅመም የገባበት አይብና ጠላ መሰል ቢራ ይቀርባል። የሚባለው ምኞት «ፕሪየትሲኢጉስ ሊኢጉኦ ስቬኤትኩስ!» ነው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወርን ስለነበር ስሜን፣ አገሬንና ሥራዬን ለእያንዳንዱ ሰው ደጋግሜ ስነግር አመሸሁ፤ ብዙ ሰው ባለበት በዓል መሄድ ለተማሪ የሚመች የሆነውም ለዚህ ነው። በዚያው ያልጠበቅኩት ጥያቄ መጣ፦ «ካድ ዩምስ ኢር ቫኣርዳ ዲየና?» (የስምዎ ቀን መቼ ነው?) በላትቪያ የቀን መቁጠሪያ ላይ ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ቀን የተመደቡለት ስሞች አሉት፤ ሰዎችም ከልደታቸው ሌላ የስማቸውን ቀን ያከብራሉ። ሰኔ 24 ያኣኒስ የሚባሉት ሁሉ ቀን ስለሆነ ጥያቄው በዚያ ምሽት መነሳቱ ተገቢ ነበር። ስማቸው በቀን መቁጠሪያው ላልተጻፈ ሰዎችም ግንቦት 22፣ በእነርሱው አቆጣጠር፣ ተመድቦላቸዋል። ስለዚህ ወደ ላትቪያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ይህ ጥያቄ ሲመጣበት «ዲቭዴስሚት ኡኦትራያኣ ማይያኣ» ብሎ መመለስ ይችላል።